ሲቪሽን እስቲ ላንብበው

ፈቀቅ በይልኝ። «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምትችል፣ የሥራ ጫና የማይበግራት።» ይህን የማይጽፍ የለም፤ አጥፊው። ከታች ደግሞ «ዓላማ፦ በወርቅ ማዕድን ኩባንያ መቀጠር» ብለሻል። የምልሽ ነገር ያለኝ እዚህ ላይ ነው።

እኔም እንዳንቺው ነበርኩ። ተመርቄ ዓመት ሙሉ የአንድ ኩባንያ ስልክ ስጠብቅ ከረምኩ። ያኔ የተበደልኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ መጀመሪያውኑ ክፍት ቦታ አልነበረም። እንደ ለገደንቢ ያለ ማዕድን ማውጫ ሹፌሩ፣ መካኒኩ፣ ኦፕሬተሩ ብዙ ነው፤ ጂኦሎጂስቱ ጥቂት። ዩኒቨርሲቲው ግን በየዓመቱ ያስመርቃል።

ወርቅ ተወዷል ትይኛለሽ። ነዳጅም ተወዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 አጋማሽ አንድ በርሜል ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር፤ በ2016 መጀመሪያ ከ30 በታች ወረደ። የዋጋውን መናር አይተው የነዳጅ ጂኦሎጂ የጀመሩ ልጆች ትምህርቱን ሲጨርሱ፣ ኩባንያዎቹ የነበሩትንም ሠራተኞች እያሰናበቱ ነበር። ዲግሪው አራት ዓመት ይፈጃል፤ ዋጋው ለመውደቅ ዓመት ከመንፈቅ በቃው።

እኔን እንጀራ ያበላኝ የውሃ ጉድጓድና የሕንፃ መሠረት ነው። የቦሌ መረሬ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ወርቅ ተወደደ ረከሰ ጉዳዩ አይደለም። አደጋውስ? ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰው ጨረሰ። በ2017 ደግሞ በፈንታሌ አካባቢ መሬት እየተንቀጠቀጠ ሕዝብ ከቀየው ተነሣ። አገሪቱ ባለሙያ ትፈልጋለች፣ ግን መፈለግና የቅጥር መደብ መክፈት ለየቅል ናቸው። ይህ ያናድደኛል፤ ይሁንና አንቺ በንዴቴ አትቀጠሪም።

የመጀመሪያ ሥራዬ ለፎቅ መሠረት የሚደረግ ቁፋሮ ላይ ነበር። ተቆፍሮ የወጣው አለት ከሚደረደርበት ሳጥን አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ከ10 ሳንቲ ሜትር የሚበልጡትን የድንጋይ ቁራጮች በሜትር እየለካሁ እደምራለሁ። ድምሩ ለተቆፈረው ርዝመት ሲካፈል አለቱ ምን ያህል እንደተሰባበረ ይነግርሻል። እኔ ማሽኑ የሰበረውንም የተፈጥሮ ስንጥቅ ነው ብዬ ቆጥሬ፣ ያንን የመሰለ ጠንካራ ባዛልት ፍርክስክስ አድርጌ ጻፍኩት። አለቃዬ ሁለት ቁራጭ አንሥተው ገጠሙና አሳዩኝ፤ ስብራቱ ንጹሕ ነው፣ ዝገትም ሸክላም አልያዘም። «ይኼ የኛ ስብራት ነው» አሉኝ። ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች እንደገና ለካሁት።

ቀጣሪ የሚጠይቅሽ እንዲህ በእጅሽ የሠራሽውን ነው። የመውጫ ፈተናውን ማለፍሽ ጥሩ ነው፣ ግን አብረውሽ የሚወዳደሩትም አልፈዋል። ስለዚህ «ዓላማ» የሚለውን ሰርዢና ለመመረቂያ ጽሑፍሽ አንድ ሸለቆ በእግርሽ እየዞርሽ ካርታ ማንሣትሽን ጻፊበት። ስንት ቀን ፈጀብሽ? ስንት ናሙና ሰበሰብሽ? ካርታውን በምን ሶፍትዌር ሠራሽው? ይህ ሁሉ ታች በአንድ መስመር ተደብቋል፤ ወደ ላይ አውጪው።

ቅዳሜ ሱሉልታ ጉድጓድ እናስቆፍራለን። ከየሁለት ሜትሩ የሚወጣውን ፍርፋሪ አጥበሽ በተራ ትደረድሪልኛለሽ። አበል የለውም፣ ምሳ ግን አለ። ቦት ጫማ ከሌለሽ ዛሬውኑ ተበደሪ፤ የኔ አይሆንሽም።