ማሳሰቢያ፦ የበሰበሰ የአጥር ቋሚ ለምትቀይሩ የነፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪዎች

ሰኔ ሳይገባ በአጥራችሁ ዙሪያ አንድ ጊዜ ዙሩ። እያንዳንዱን ቋሚ በትከሻችሁ ገፋ አድርጉት። ከላይ ደህና መስሎ ከመሬቱ አፍ ላይ የሚነቃነቅ ካገኛችሁ አንገቱ በስብሷል ማለት ነው። የሐምሌ ዝናብና ነፋስ አንድ ላይ ሲመጡበት ቆርቆሮውን ይዞ የሚወድቀው መንገደኛ ላይ ነው።

ለምን አንገቱ? እንጨት ለመበስበስ ውሃም አየርም ይፈልጋል። ጉድጓዱ ውስጥ አየር ያንሳል፤ ከላይ ፀሐይ ያደርቀዋል። ሁለቱም የሚገኙት መሬቱ ገጽ ላይ ነው። ኮንክሪት ደግሞ ነገሩን ያብሳል። ገና ያልደረቀ ባሕር ዛፍ በሲሚንቶ ሲተከል ቆይቶ ይደርቅና ይኮማተራል፤ በእንጨቱና በኮንክሪቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል። በዚያ የገባ ውሃ መውጫ የለውም፤ ኮንክሪቱ ውሃ የሚያቁር ጽዋ ይሆናል። ስለዚህ አዲሱን እንጨት እዚያው ጽዋ ውስጥ መልሶ መትከል ከጥቂት ዓመት በኋላ ያንኑ ሥራ መድገም ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

• አጥር ተጋሪያችሁን አስቀድማችሁ ንገሩ። «እትዬ ምንም አይሉም» ብላችሁ አትጀምሩ፤ እሳቸው ባይሉ ልጆቻቸው ነገ ይላሉ።

• አሮጌው የኮንክሪት ጉቶ የወሰን ምስክር መሆኑን አትርሱ። ከመነቀሉ በፊት በግራና በቀኝ ባሉት ቋሚዎች መካከል ክር ወጥሩ፣ ጉቶው ከሁለቱ ያለውን ርቀት ለኩ፣ ፎቶ አንሱ። ይህን ሁሉ ጎረቤታችሁ ባሉበት አድርጉት።

• ወደ ጎረቤትም ሆነ ወደ መንገድ አንድ ስንዝር አትግፉ። አጥሩ ወደ አስፋልት ወይም ወደ ኮብልስቶን መንገድ የሚያይ ከሆነ ወረዳችሁን ሳትጠይቁ አትንኩት።

• የመብራት ገመድ ወይም ቆጣሪ በቋሚው ላይ ከታሰረ፣ ወይም ቆርቆሮው የሚነዝር ከሆነ ራቁ። ወደ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ደውሉ። ገመዱን በራሳችሁ ፈታችሁ ወደ ሌላ እንጨት አታዛውሩ።

• የውኃ መስመር በአጥሩ ሥር እንደሚያልፍ ካወቃችሁ በዶማ አትቆፍሩ፤ በአካፋ ቀስ እያላችሁ ግለጡ።

አሮጌውን ስታወጡ

• መጀመሪያ ቆርቆሮውን ከቋሚው አላቁ፤ ግራና ቀኙን በአጣና ደግፉ። ሚስማሩን በጣሳ ሰብስቡ፤ መንገድ ላይ የቀረ ሚስማር የሚያገኘው የልጆችን እግር ነው።

• ኮንክሪቱ ካልተሰነጠቀና ካልተንጋደደ ለመንቀል አትድከሙ። የበሰበሰውን እንጨት በመሮና በዲጂኖ ጠርጋችሁ አውጡ፣ አንግል ብረት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙበት፣ ቀዳዳውን በሲሚንቶ ሙሉት። አዲሱን እንጨት ከኮንክሪቱ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ብረቱ ላይ በብሎን እሰሩት። መሬት ያልነካ እንጨት አንገቱ ቶሎ አይበሰብስም፤ ጉቶውም ከቦታው አይነቃነቅም፣ የወሰን ክርክርም አይነሳም።

• መንቀል ግድ ከሆነ በአንድ ጎኑ እስከ ሥሩ ቆፍሩ። በጉቶው ወገብ ሰንሰለት እሰሩ፣ ጠንካራ እንጨት ድንጋይ ላይ አስደግፋችሁ ወደ ላይ አንሱት። ብቻችሁን አትታገሉ፤ ወገብ እንደ ቋሚ አይቀየርም።

አዲሱን ስታቆሙ

• የደረቀና ልጡ የተላጠ እንጨት ግዙ። በምኒልክ ዘመን ከተማችን የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ዋጋውም ይቀላል፤ ለአፈር ግን አይበረታም። ጥድ ያገኘ ሰው የተሻለ ዕድሜ ያገኛል።

• ከጠቅላላ ቁመቱ ወደ ሲሶ የሚጠጋውን ቅበሩ። ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ቋሚ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ይበቃል።

• በክፍለ ከተማችን በብዙ ቦታ ያለው ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የጉድጓዱ ሥር ከአፉ አይጥበብ። ከታች ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጠጠር አልብሱት፤ ቋሚው ጠጠሩን ይንካ፣ ሲሚንቶው ከሥሩ አይዙርበት።

• አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር ቀላቅሉ። ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ለሦስት ጉድጓድ ገደማ ይበቃል። ቶሎ እንዲፈስ ብላችሁ ውሃ አታብዙ። ያለ ጓንት አትንኩት፤ እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል።

• የኮንክሪቱን አናት ከአፈሩ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ዙሪያውን ወደ ውጭ አዘንብሉት። በመላው ሥራ ውስጥ ይህን ብቻ ብታስታውሱ እንኳ ግማሹን አተረፋችሁ።

• ቋሚውን በቱንቢ አይታችሁ በሁለት አጣና ደግፉ። ኮንክሪቱን ለሰባት ቀን ውሃ አጠጡት። ከሦስት ቀን በፊት ቆርቆሮ አትምቱበት።

• የተቃጠለ ዘይት በእንጨቱ እግር የምትቀቡ ከሆነ ቀብታችሁ የተረፈውን ቦይ ውስጥ አትድፉ። ቦዩ የሚወርደው ወደ ትንሿ አቃቂ ነው።

ከጨረሳችሁ በኋላ

• የኮንክሪት ስባሪውን መንገድ ዳር ወይም የጎርፍ መውረጃ ውስጥ አትጣሉ። የእናንተ ስባሪ የዘጋው ቦይ ውሃውን የሚያስገባው ከታች ያለው ሰው ቤት ነው።

• ዘይት የጠጣ ወይም ቀለም የተቀባ አሮጌ እንጨት ለእንጀራ ምድጃ አይሁን።

• ጉድጓድ ክፍት አድርጋችሁ አትደሩ። ውሃ የሞላው ጉድጓድ ጥልቀቱ ስለማይታይ ለሕፃን ወጥመድ ነው። በሳንቃ ክደኑት፣ ድንጋይ ጫኑበት።

• በሰፈራችሁ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ካሉ የእሳቸውንም አጥር ገፋ አድርጋችሁ እዩ። ሲሚንቶው ከተቦካ፣ ሰዉም ከተሰበሰበ፣ ሁለተኛው ቋሚ የሚጠይቀው አንድ ከሰዓት ነው።

መስከረም ሲጠባ ቢላዋ ይዛችሁ ወደ ቋሚው ተመለሱ። አንገቱ ላይ ጫን አድርጉት። ስለቱ ካልሰመጠ ክረምቱን በደህና አልፏል፤ ከሰመጠ ግን የኮንክሪቱን አናት እንደገና እዩት፣ ውሃው የሚተኛበት አንድ ቦታ ተርፏል።