ትምህርት 11፦ የጥቅም ምሽት

ሀ. ከንባቡ በፊት

ስለ ቀድሞ ዘመን ድርሰት የሚጽፍ ሰው ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማሳየት ይኖርበታል። አንደኛው በዚያ ዘመን ዘወትር ይደረግ የነበረው ልማድ ነው፤ ሁለተኛው አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተፈጸመው ድርጊት ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ አንባቢው «ይህ ሁልጊዜ ይደረግ ነበር ወይስ አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ?» እያለ ይቸገራል። በማስተምርበት ጊዜ ይህን ስሕተት በስንት ደብተር ላይ እንዳረምሁ ቁጥሩን አላውቀውም። ስለዚህ ቀጥሎ ያለውን ምንባብ ስታነቡ በ«ነበር» የተፈጸሙትን ዐረፍተ ነገሮች ከሌሎቹ እየለያችሁ ተመልከቱ። የምንባቡ ጉዳይ የእንግሊዝ አገር ቴአትር ነው። ዘመኑም ቀዳማዊ ጆርጅና ዳግማዊ ጆርጅ የነገሡበት፣ ከ1714 እስከ 1760 ያለው ጊዜ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ተጽፈዋል።

ለ. ምንባብ

በዚያ ዘመን በለንደን ከተማ በንጉሥ ፈቃድ ቴአትር የሚያሳዩ ዋና ቡድኖች ሁለት ነበሩ። አንደኛው በድሩሪ ሌን ቴአትር ቤት ይሠራ ነበር። ሁለተኛው ከ1714 ጀምሮ በሊንከንስ ኢን ፊልድስ ቆይቶ በ1732 አዲስ ወደ ተሠራው ወደ ኮቨንት ጋርደን ተዛወረ።

ትርኢቱ ብዙውን ጊዜ በእኛ አቈጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይጀምር ነበር፤ ሕዝቡ ግን ከዚያ አስቀድሞ በሩን ያጨናንቅ ነበር። ወንበሮቹ ቁጥር ስላልነበራቸው ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይቀመጣል። ባለጸጎች አሽከሮቻቸውን አስቀድመው ይልኩና አሽከሩ ጌታው እስኪመጣ ድረስ ቦታውን ይዞ ይጠብቅ ነበር። ጌታው ሲደርስ አሽከሩ ተነሥቶ ወደ ላይኛው ሰገነት ይወጣል፤ እዚያም ያለ ክፍያ እንዲያይ ይፈቀድለት ነበር። ይህ ልማድ ከመቆየቱ የተነሣ አሽከሮቹ እንደ መብት ቈጠሩት። በ1737 የድሩሪ ሌን ኃላፊዎች በሩን ቢዘጉባቸው አሽከሮቹ በሩን ሰብረው ገቡ፤ የዌልስ ልዑልና ልዕልት በተገኙበት ምሽት ታላቅ ሁከት ሆነ።

በቴአትር ቤቱ ውስጥ የሰው ማዕርግ በመቀመጫው ይታወቅ ነበር። በዘመኑ አጋማሽ የተለመደው ዋጋ በግራና በቀኝ ለተከለሉት ቦክስ ለሚባሉት ክፍሎች 5 ሽልንግ፣ ከመድረኩ ፊት ለፊት ፒት ለሚባለው ባለ አግዳሚ ቦታ 3 ሽልንግ፣ ለመጀመሪያው ሰገነት 2 ሽልንግ፣ ለላይኛው 1 ሽልንግ ነበር። 20 ሽልንግ አንድ ፓውንድ ነበር። መኳንንቱ በቦክስ፣ ጸሐፊዎች፣ የሕግ ተማሪዎችና ቴአትር ዐዋቂ ነን የሚሉ ሁሉ በፒት፣ ነጋዴውና የእጅ ሥራ ዐዋቂው በሰገነት ይቀመጡ ነበር። ከሦስተኛው ገቢር በኋላ የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ዋጋ ከፍሎ ይገባል።

ዛሬ ትርኢት ሲጀመር አዳራሹ ጨልሞ መድረኩ ብቻ ይበራል። ያን ጊዜ ግን ሻማዎቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተመልካቹም ራስ ላይ ይበሩ ነበር። ስለዚህ ተመልካቹ ተዋናዩን እንደሚያየው ሁሉ ተዋናዩም ተመልካቹን ያየዋል፤ ተመልካቹም እርስ በርሱ ይተያያል። ይህን አንድ ነገር ካላስተዋልን የዘመኑን ተመልካች ጠባይ ልንረዳው አንችልም። ሰው በጨለማ ተሸሽጎ ዝም ብሎ የሚያይ አልነበረም። ብርቱካን ሻጮች በአግዳሚዎቹ መካከል ይዘዋወራሉ፤ ደስ ያለው ያጨበጭባል፤ ያልወደደው ፉጨት የሚያሰማ መሣሪያ ከኪሱ አውጥቶ ይነፋል። አዲስ ተውኔት ይኑር ወይም ይሙት የሚለውን ፍርድ የሚሰጠው ሕዝቡ ነበር። ሁከት ስለ በዛም በ1721 በሊንከንስ ኢን ፊልድስ ከተነሣው ጠብ በኋላ ንጉሡ ቴአትር ቤቱን የሚጠብቁ ወታደሮች እንዲቆሙ አዘዘ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ተዋናዮች ደመወዝ ነበራቸው፤ ነገር ግን የብዙዎቹ ደመወዝ ትንሽ ነበር፤ እርሱም አንዳንድ ጊዜ በጊዜው አይከፈልም ነበር። በ1737 የወጣው የቴአትር ፈቃድ ሕግ ደግሞ ነገሩን አጠበቀው። በዚህ ሕግ መሠረት የንጉሥ ፈቃድ በሌለው ቤት ቴአትር ማሳየት ተከለከለ፤ አዲስ ተውኔትም አስቀድሞ በቤተ መንግሥት ሹም ተመርምሮ እንዲፈቀድ ታዘዘ። (ይህ ምርመራ በእንግሊዝ አገር ፈጽሞ የቀረው በ1968 ነው።) ሥራ የሚገኘው በሁለት ቤቶች ብቻ ሲሆን ተዋናዩ «ደመወዜ ይጨመርልኝ፤ አለዚያ ወደ ሌላ እሄዳለሁ» ለማለት አቅም አይኖረውም። የዓመቱ ተስፋ በአንድ ሌሊት ላይ ይንጠለጠል የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ያ ሌሊት የጥቅም ምሽት ይባላል።

የጥቅም ምሽት ማለት ከትኬት የተገኘው ገንዘብ፣ የቤቱ ወጪ ከተነሣለት በኋላ፣ ለአንድ ተዋናይ የሚሰጥበት ምሽት ነው። ወጪ የተባለውም ሻማው፣ የሙዚቀኞቹና የሠራተኞቹ ክፍያ፣ ይህን የመሰለው ሁሉ ነው። የቴአትሩ ወቅት በመስከረም ተከፍቶ በግንቦት መጨረሻ ገደማ ይዘጋ ነበርና፣ የጥቅም ምሽቶች ከመጋቢት ጀምሮ በተራ ይውሉ ነበር። ተራው የኛን ዕቁብ ሊያስታውሳችሁ ይችላል፤ ዳሩ ግን በዕቁብ ዕጣው ታላቅና ታናሽ አይለይም፤ እዚያ ግን በማዕርግ ነበር። ስመ ጥር ተዋንያን ከተማው ሳይሰለች፣ ኪሱም ሳይራቈት አስቀድመው ይወስዳሉ። ታናናሾቹ መኳንንቱ ወደ ገጠር ርስታቸው መሄድ በሚጀምሩበት በወቅቱ መጨረሻ፣ ሁለት ሦስት እየሆኑ አንዱን ምሽት ይካፈሉ ነበር። ከዚያም በታች ያሉት፣ በር ጠባቂዎች ጭምር፣ ራሳቸው ከሸጡት ትኬት ዋጋ ግማሹን ብቻ ያገኙ ነበር።

ምሽቱ የደረሰለት ተዋናይ ተውኔቱን ራሱ ይመርጣል፤ በጋዜጣ ያሳውቃል፤ ትኬቱን ይዞ ከቤት ቤት ይዞር ነበር። ትናንት በመድረክ ላይ ንጉሥ ሆኖ ያዘዘ ሰው ዛሬ በባለጸጋ ደጃፍ ቆሞ አሽከሩን ደጅ ይጠናል። ከዚህ የባሰው ግን ትኬቱ ሳይሸጥ የቀረ እንደ ሆነ ነው፤ የቤቱ ወጪ ካልተሸፈነ ተዋናዩ ጕድለቱን ከገዛ ራሱ ይከፍል ነበር። ደክሞ ለፍቶ፣ ተውኖ፣ ዕዳ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል ማለት ነው።

ምሽቱ የሞላለት ደግሞ ሌላ ችግር ነበረበት። ለሕዝቡ ቦታ ሲታጣ አግዳሚዎች በመድረኩ ላይ ይደረደሩና ተመልካቾች ከተዋንያን ኋላ ይቀመጡ ነበር። ቴት ዊልኪንሰን የሚባለው ተዋናይ በ1790 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደሚተርከው፣ ወይዘሮ ሱዛና ሲበር ጁልየትን ሆና በመቃብር ውስጥ በተጋደመችበት ትዕይንት ከኋላዋ ሁለት መቶ የሚያህል ሰው ተቀምጦ ይታይ ነበር። ተዋናዩ ዴቪድ ጋሪክ የድሩሪ ሌን ኃላፊ ከሆነ በኋላ ይህን ልማድ ለማስቀረት ብዙ ደከመ፤ የተሳካለትም በ1760ዎቹ መጀመሪያ፣ የአዳራሹን መቀመጫ ካስፋ ወዲህ ነው። ባልደረቦቹ ትርፋቸው እንዳይቀንስ ይሠጉ ነበርና በባዶ እጅ ሊከለክላቸው አይችልም ነበር።

ደራሲም የራሱ የጥቅም ምሽት ነበረው። ተውኔቱ ሦስተኛ ሌሊት ከደረሰ የሦስተኛው ሌሊት ትርፍ ለደራሲው ነው፤ ከዘለቀም ስድስተኛውና ዘጠነኛው ይጨመርለታል። ሁለት ሌሊት ታይቶ የወደቀ ተውኔት ለጻፈው ሰው ከምሽቱ ገቢ አንዳች አያስገኝለትም ነበር። ጆን ጌይ «የለማኙ ኦፔራ» የተባለውን ሥራውን ለድሩሪ ሌን አቅርቦ አልተቀበሉትም። በጥር 1728 በሊንከንስ ኢን ፊልድስ ታየ፤ በዚያው ወቅት 62 ጊዜ ታየ፤ ጌይም ወደ 700 ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ አገኘ።

ሁሉም ግን እንደ ጌይ አልቀናውም። ሳሙኤል ጆንሰንን ኢትዮጵያውያን በሌላ ሥራው እናውቀዋለን፤ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሱትን የራሴላስን ታሪክ በ1759 የጻፈው እርሱ ነው። ከዚያም በፊት በ1735 የፖርቱጋላዊውን የአባ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ተርጕሞ ነበር። ጆንሰን በወጣትነቱ ትንሽ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር፤ ጋሪክ በዚያ የእርሱ ተማሪ ነበር። ትምህርት ቤቱ ስላልሰመረ በ1737 መምህርና ተማሪ አብረው ወደ ለንደን ተጓዙ። መምህሩ «አይሪን» የተባለ ያልተጨረሰ ተውኔት ይዞ ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል የሚያሳይለት አጣ። በኋላ ተማሪው የድሩሪ ሌን ኃላፊ ሲሆን በየካቲት 1749 ለመድረክ አበቃለት።

በመጀመሪያው ምሽት ጆንሰን ወርቅ ዘቦ ያለበት ቀይ ሰደርያ ለብሶ መጣ። ነገሩ እስከ መጨረሻው ገቢር ደኅና ሄደ። አይሪን አንገቷ ላይ ገመድ ገብቶ ሁለት ስንኝ ተናግራ ልትታነቅ ስትል ግን ተመልካቹ «ግድያ ነው!» ብሎ ጮኸ። ተዋናይዋ ልትናገር ደጋግማ ብትሞክር አላስቻላትም፤ በሕይወቷ እንዳለች ከመድረክ ወጣች። ከዚያ ወዲያ አይሪን ከመጋረጃ በስተጀርባ ትሞት ጀመር። ተውኔቱ በጋሪክ ትጋት ዘጠኝ ሌሊት ቆየ፤ ስለዚህ ጆንሰን ሦስቱንም የጥቅም ምሽቶች አገኘ። ድምሩ 195 ፓውንድ ከ17 ሽልንግ ነበር፤ የማሳተሚያውን መብት ደግሞ ለመጽሐፍ ነጋዴ በ100 ፓውንድ ሸጠ። ሌላ ተውኔት ግን ለመድረክ አልጻፈም።

በዓመቱ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 1750፣ በዚያው ቤት ሌላ የጥቅም ምሽት ተደረገ። የታላቁ ባለቅኔ የጆን ሚልተን የልጅ ልጅ ድኻ ሆና በለንደን ትኖር ነበር። የሚልተን «ኮመስ» ለእርሷ መርጃ ታየ፤ የመክፈቻውን ግጥም ጆንሰን ጻፈ፤ ጋሪክ በመድረክ ላይ አነበበው። ለሴትዮዋ 130 ፓውንድ ያህል ደረሳት።

ሐ. ሰዋስው

እነዚህን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ፦

1. ትኬቱን ይዞ ከቤት ቤት ይዞር ነበር።
2. ተመልካቹ «ግድያ ነው!» ብሎ ጮኸ።

በመጀመሪያው «ይዞር ነበር» የሚለው ግሥ በየዓመቱ የተደጋገመውን ልማድ ያመለክታል። በሁለተኛው «ጮኸ» የሚለው በአንድ ምሽት ተጀምሮ ያለቀውን ድርጊት ይናገራል። «ተርጕሞ ነበር» ሲባል ደግሞ ከሌላ ድርጊት በፊት የተፈጸመውን ያሳያል። «ተማሪ ነበር» በሚለው ግን «ነበር» ረዳት አይደለም፤ ራሱ ማሰሪያ ግሥ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። «ትኬቱ ካልተሸጠ ተዋናዩ ዕዳ ውስጥ ይገባ ነበር» ስንል ይህ በርግጥ የሚደርስ ነገር ነበር ማለታችን ነው። «ትኬቱ ባይሸጥ ኖሮ ተዋናዩ ዕዳ ውስጥ ይገባ ነበር» ስንል ግን ትኬቱ ተሸጧል፤ ዕዳውም አልደረሰም። ማሰሪያው አንድ ሆኖ ሳለ ፍቹን የለወጠው «ባይሸጥ ኖሮ» የሚለው ሐረግ ነው።

መ. መልመጃ

1. ተዋንያን ተመልካች በመድረክ ላይ መቀመጡ እንዲቀር ያልፈለጉት ለምን ነበር? በሁለት ዐረፍተ ነገር መልሱ።
2. ከምንባቡ ልማድን የሚናገሩ አምስት ግሦች፣ አንድ ጊዜ የሆነን ድርጊት የሚናገሩ አምስት ግሦች አውጡ። ልማድ እየተናገሩ ያለ «ነበር» የተጻፉ ግሦችም አሉ፤ ሁለቱን ፈልጉና ለምን ግር እንደማይሉ አስረዱ።
3. «ጋሪክ ባይኖር ኖሮ» ብላችሁ በመጀመር ስለ «አይሪን» ተውኔት ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ።
4. በአካባቢያችሁ ገንዘብ ለማሰባሰብ ስለሚደረግ ዝግጅት አንድ አረጋዊ ጠይቁ። በመጀመሪያው አንቀጽ ዘወትር እንዴት ይደረግ እንደነበረ፣ በሁለተኛው አንቀጽ አረጋዊው የሚያስታውሱትን አንድ ቀን ጻፉ። ከሁለት ገጽ አይብለጥ።