የአዲስ ዕቃ መግቢያ ቀን
ከሁለት የአሜሪካ የስፖርት አውቶሞቢሎች ትዝታ የሚገኝ የንግድ ትምህርት

አዲስ ዕቃ ወደ ገበያ የሚገባበት ቀን ለነጋዴ የፈተና ቀን ነው። ገዢው በዚያ ቀን ዕቃውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያያል፤ ዋጋውን ይሰማል፤ ከዚያም በልቡ ይፈርዳል። ይህ ፍርድ አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ ለመለወጥ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዘመን ያስፈልጋል። በደብረ ማርቆስ ገበያ አዲስ ዐይነት ጨርቅ የሚዘረጋ ባለ ሱቅም ሆነ ከባሕር ማዶ መኪና የሚያስመጣ ነጋዴ ከዚህ ፈተና አያመልጥም። የሚለያየው የገንዘቡ መጠን ነው እንጂ የሥራው ሕግ አንድ ነው።

ሕጉን በምሳሌ ለማየት ከአሜሪካ አገር የሁለት የስፖርት አውቶሞቢሎች ታሪክ ይበቃል። አንደኛው የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ በሸቭሮሌት ስም ያወጣው ኮርቬት ነው፤ ሁለተኛው የፎርድ ኩባንያ ሙስታንግ ነው። ዛሬ ሁለቱም በዓለም የታወቁ ናቸው፤ ወዳጆቻቸውም የወጡበትን ቀን በትዝታ ያከብሩታል። ነገር ግን አጀማመራቸው እጅግ የተለያየ ነበረ። አንዱ ሕዝቡን አስደንቆ ገዢ አጣ፤ ሌላው አስደንቆ ሸጠ። ለነጋዴ የሚጠቅመው ትምህርት የሚገኘው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

ማስደነቅ መሸጥ አይደለም

በኢትዮጵያም አውቶሞቢል የገባበት ጊዜ አይረሳም። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ፣ መንገድ ባልተጠረገበት አገር ብዙ መከራ አይቶ፣ አውቶሞቢሉን አዲስ አበባ አገባ። ዳግማዊ ምኒልክም ተሳፈሩበት። ሕዝቡ ተደነቀ። ሆኖም አንድ መኪና ብቻውን ገበያ አያቆምም። መንገድ፣ ነዳጅ፣ ነጂ፣ ጠጋኝና መለዋወጫ ሊከተሉት ይገባል፤ እነዚህም የመጡት ቀስ በቀስ ነው። ማስደነቅና መሸጥ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች መሆናቸውን ይህ ታሪክ አስቀድሞ ያስተምራል።

ከዚያ 45 ዓመት በኋላ ይኸው ነገር በሀብታሙ አገር ታየ። ጥር 9 ቀን 1945 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ፣ በዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል፣ ጄኔራል ሞተርስ ሞቶራማ ብሎ በሰየመው ትርኢት ላይ ኮርቬት ለሕዝብ ቀረበ። ሐሳቡን ያፈለቀው የኩባንያው የቅርጽ ሥራ ኀላፊ ሃርሊ ኧርል ነበረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከአውሮፓ የሚመጡት ትንንሽ የስፖርት መኪኖች በአሜሪካ መወደዳቸውን አይቶ፣ አሜሪካም የራሷ እንዲኖራት አሰበ። ገላው ከብረት ሳይሆን ከፋይበርግላስ የተሠራ፣ ዝቅ ያለ፣ ነጭ መኪና ነበረ። የተመለከተው ሕዝብ በመልኩ ተማረከ። ከተመልካቾቹ አንዱ ዞራ አርኩስ ዱንቶቭ የተባለ መሐንዲስ ነበረ፤ ከመውደዱ የተነሣ ወደ ኩባንያው ጽፎ በዚያው ዓመት ተቀጠረ።

ኩባንያው በሕዝቡ መደነቅ ተደፋፍሮ ፈጥኖ ወደ ሥራ ገባ። ከትርኢቱ ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሰኔ 23 ቀን 1945 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኮርቬት በሚሺጋን ግዛት ከፍሊንት ከተማ ፋብሪካ ወጣ። ችግሩ የተገለጠው ከዚህ በኋላ ነው። በፈረንጆች 1953 ዓ.ም. የተሠሩት 300 ብቻ ነበሩ፤ ሥራውም አብዛኛው በእጅ የሚከናወን ነበረ። ጥቂት ስለ ነበሩም ወኪሎቹ አስቀድመው ለታወቁና ለተከበሩ ሰዎች እንዲሸጡ ተደረገ። በትርኢቱ ላይ ልቡ የተነሣው ተራው ገዢ ወደ ሱቅ ሲሄድ መኪናውን አላገኘውም።

በሚቀጥለው ዓመት ፋብሪካው ወደ ሴንት ሉዊስ ተዛውሮ 3,640 መኪኖች ተሠሩ። በዚያን ጊዜ ግን የገዢው ልብ ቀዝቅዞ ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ ከ1,000 በላይ የሚሆኑት ሳይሸጡ ቀሩ። ምክንያቱ ከመልኩ በስተ ኋላ የተሰወረው ጉድለት ነበረ። ዋጋው 3,498 ዶላር ሆኖ ሳለ የሚወጣና የሚወርድ የበር መስታወት አልነበረውም፤ በሩም ከውጭ የሚከፈትበት እጀታ አልተሠራለትም፤ ዝናብም ያስገባ ነበር። ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር፣ ማርሹም ሁለት ፍጥነት ብቻ ያለው አውቶማቲክ ነበረ። ፍጥነት የሚወድ ሰው “ይህ የስፖርት መኪና አይደለም” አለ፤ ምቾት የሚወድም “ይህ አይመችም” አለ። ዕቃው ለማን እንደ ተሠራ በግልጽ ስላልተወሰነ ከሁለቱም ወገን ገዢ አጣ። በ1955 እ.ኤ.አ. የተሠሩት ኮርቬቶች 700 ብቻ ሲሆኑ፣ ፎርድ በዚያው ዓመት ሞዴል ያቀረበው ተፎካካሪው ተንደርበርድ ከ16,000 በላይ ተሸጠ።

ኮርቬት ግን አልሞተም። ስምንት ሲሊንደር ያለው ሞተር ተገጠመለት፤ ዱንቶቭና ባልደረቦቹም እያሻሻሉት ሄዱ። በዓመት ከ10,000 በላይ ለመሠራት ግን እስከ 1960 እ.ኤ.አ. መቆየት አስፈለገው። ጄኔራል ሞተርስ ይህን ያህል ዓመት ለመታገሥ የሚያስችል ካፒታል ነበረው። በብድር ገንዘብ የሚነግድ ሰው ግን ሰባት ዓመት ሊጠብቅ እንደማይችል ግልጽ ነው።

ከውድቀት የተማረ ኩባንያ

ፎርድም ቢሆን መጀመሪያውኑ ብልህ አልነበረም። ነሐሴ 29 ቀን 1949 ዓ.ም. ኤድሰል የተባለ መኪና በታላቅ ማስታወቂያ አወጣ። ከመውጣቱ በፊት ወሬው አገሩን ሞልቶት ነበር፤ ዕቃው በታየ ጊዜ ግን ገዢው ከተነገረው ያነሰ ሆኖ አገኘው። በኅዳር 1952 ዓ.ም. ኩባንያው ሥራውን አቆመ፤ ኪሳራውም 250 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተገመተ። ወሬው ከዕቃው ሲበልጥ ዕቃው በገዛ ማስታወቂያው ይሸነፋል።

ሊ አያኮካ የፎርድን ክፍል በሚመራበት ጊዜ ይህ ቁስል ገና አልሻረም ነበር። ስለዚህ ሥራው የተጀመረው ገዢውን በማጥናት ነው። ከጦርነቱ በኋላ የተወለዱት ልጆች ለአካለ መጠን እየደረሱ ነበር፤ ወጣቶቹ መልከ መልካም መኪና ይፈልጋሉ፤ ገንዘባቸው ግን ብዙ አይደለም። እንግዲህ የሚያስፈልገው ውብ ሆኖ ርካሽ የሆነ መኪና ነው። ዋጋውን ለማውረድም ኩባንያው ሁሉን ነገር አዲስ አልሠራም፤ ፋልኮን ከተባለው፣ አስቀድሞ በገበያ ላይ ከነበረው መኪናው ብዙ ክፍል ወሰደ። አዲስ የሆነው በተለይ ገዢው በዐይኑ የሚያየው መልክ ነው።

ስሙም በማስተዋል ተመረጠ። ሙስታንግ በሰሜን አሜሪካ ሜዳ የሚኖር፣ ልጓም ያልገባለት ፈረስ ነው። የአገው ፈረሰኞች በሚጋልቡበት በጎጃም ደጋ ላደገ ሰው የዚህን ስም ኀይል ማስረዳት አያሻም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የቀኑ ዝግጅት ነው። ሥራው በዲርቦርን ፋብሪካ የተጀመረው የካቲት 30 ቀን 1956 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሽያጩ እስከ ሚያዝያ 9 ቀን ድረስ እንዲቆይ ተወሰነ። በመካከሉ ከ8,000 በላይ መኪኖች ተሠርተው ተከማቹ፤ ዓላማውም በአገሩ ያለ እያንዳንዱ ወኪል በዚያ ቀን ቢያንስ አንድ ሙስታንግ በመደብሩ እንዲያቆም ነው። በዋዜማው ምሽት ማስታወቂያው በሦስቱም ታላላቅ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በአንድ ሰዓት ታየ። ሚያዝያ 9 ቀን መኪናው በኒው ዮርክ የዓለም ትርኢት ላይ ሲቀርብ፣ በየከተማው ያለ ሰው በአቅራቢያው ሄዶ ሊነካው፣ ሊነዳውና ሊገዛው ይችል ነበር። መነሻ ዋጋውም 2,368 ዶላር መሆኑ በግልጽ ተነገረ። በዚያ ዘመን ምንዛሪ አንድ ዶላር 2 ብር ከ50 ሳንቲም ያህል ስለ ነበረ፣ ይህ ያለ ማጓጓዣና ያለ ቀረጥ 5,900 ብር ገደማ ይሆናል።

በመጀመሪያው ቀን 22,000 ያህል መኪኖች ተሸጡ ወይም ታዘዙ። በመጀመሪያው ዓመት 100,000 ያህል ይሸጣል ተብሎ የተገመተው 418,812 ደረሰ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላም አንድ ሚሊዮንኛው ተሠራ። አያኮካ በሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ ውስጥ ከጻፋቸው ትዝታዎች አንዱ በቴክሳስ ግዛት በጋርላንድ ከተማ የሆነው ነው። በመደብሩ አንድ ሙስታንግ ብቻ ስለ ቀረ ገዢዎች ተጫረቱበት፤ ያሸነፈውም ሰው ቼኩ በባንክ እስኪረጋገጥ ድረስ ለሌላ እንዳይሸጥበት በመኪናው ውስጥ አደረ ይላል።

በዚህ ሁሉ ዝግጅት መካከልም ስሕተት አልጠፋም። በካናዳ በኒውፋውንድላንድ ያለ አንድ ወኪል፣ ለትርኢት ብቻ የተላከለትንና አንደኛ ቁጥር የያዘውን መኪና ቀኑ ሳይደርስ ለአንድ አውሮፕላን አብራሪ ሸጠው። ኩባንያው መኪናውን ለማስመለስ ሁለት ዓመት ያህል ፈጀበት፤ በመጨረሻም በአዲስ ሙስታንግ ለውጦ ወሰደው። ያ መኪና ዛሬ በዲርቦርን በሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ይገኛል። ከዚህም የምንረዳው፣ የዋናው ነጋዴ ዐሳብ ምንም ያህል ቢያምር ትእዛዙ ለእያንዳንዱ ቸርቻሪ በግልጽ ካልደረሰ ሥራው እንደሚዛባ ነው።

ለጎጃም ነጋዴ የሚሆኑ አራት ጥያቄዎች

ከላይ የተነገረው ሁሉ ተጨምቆ ሲወጣ አራት ጥያቄ ይሆናል። አዲስ ዕቃ የሚያቀርብ ነጋዴ ማስታወቂያ ከማውጣቱ በፊት እነዚህን ለራሱ ቢመልስ ይበጀዋል።

አንደኛ፤ ዕቃው በመጋዘን ገብቷልን? ዕቃው ገና በጅቡቲ ወደብ ወይም በመንገድ ላይ ሳለ “መጣ” ብሎ ማወጅ የገዢን ትዕግሥት መበደር ነው። ገዢው ሁለት ጊዜ መጥቶ ባዶ እጁን ከተመለሰ ሦስተኛውን ጊዜ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል።

ሁለተኛ፤ ዕቃው ለማን ነው? ለሁሉ ይሆናል ተብሎ የመጣ ዕቃ እንደ መጀመሪያው ኮርቬት ለማንም ሳይሆን ሊቀር ይችላል። ለገበሬው ነውን? ለመምህሩ ነውን? ለጭነት ባለቤቱ ነውን? ዋጋውም ሆነ ጥራቱ የሚወሰነው ከዚህ መልስ በኋላ ነው።

ሦስተኛ፤ የተነገረው ዋጋ ገዢው በመጨረሻ ከሚከፍለው ጋር ይስማማልን? ሙስታንግ መነሻ ዋጋው ትንሽ ነበረ፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ተጨማሪውን ዕቃ ከነዋጋው አይቶ በፈቃዱ ይመርጥ ነበር። ገዢው ራሱ መርጦ የጨመረው ገንዘብ አይቆጨውም፤ በኋላ ድንገት የተጨመረበት ግን ቂም ይሆናል።

አራተኛ፤ ዕቃው ለአገሩ ይስማማልን? ከሽያጭ በኋላስ ማን ይጠግነዋል? ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመካከሉ የዓባይ በረሃ አለ። መንገዱ ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከድልድዩ እስከ ደጀንም ያንኑ ያህል ይወጣል። በማሳያ አዳራሽ ያማረ መኪና ፍሬኑና ሞተሩ የሚመረመሩት በዚህ ቁልቁለትና አቀበት ነው። በዚያ መካከል ለተበላሸ መኪና የሚሆን መለዋወጫ ከሌለ ዝናው ከባለቤቱ ቀድሞ ደብረ ማርቆስ ይገባል።

ይህ ጉዳይ የጥንት ተረት ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖች አዲሱ የገበያ ዕቃ ሆነዋል። ሙስታንግ ራሱ በ2012 ዓ.ም. ስሙን ለኤሌክትሪክ መኪና አውሷል። እነዚህ መኪኖች ዝምታቸውና ውበታቸው ያስደንቃል። በዓባይ ቁልቁለት ሲወርዱ ከባትሪያቸው የወጣውን ኀይል በከፊል ይመልሳሉ፤ አቀበቱን ሲወጡ ደግሞ ብዙ ይፈጃሉ። ስለዚህ በደብረ ማርቆስ ለሚሸጣቸው ሰው የሚቀርብለት ጥያቄ ስለ መልካቸው አይደለም፦ የት ይሞላሉ? ባትሪያቸውን ማን ይመረምራል? መለዋወጫቸውስ በስንት ቀን ይደርሳል? የሚል ነው። ይህን መልስ ይዞ የሚመጣ አስመጪ እንደ ሙስታንግ ይጀምራል፤ ሳይዝ የሚመጣ ግን እንደ መጀመሪያው ኮርቬት ተመልካች ሰብስቦ ገዢ ያጣል።

ላኪውም ከዚህ ትምህርት ድርሻ አለው። ኑግ ወይም ማር ወደ ውጭ አገር ለአዲስ ደንበኛ የሚልክ ነጋዴ የመጀመሪያው ጭነቱ የመግቢያ ቀኑ ነው። ናሙናው አስደናቂ፣ ጭነቱ ግን ከናሙናው ያነሰ ከሆነ፣ የውጭ አገሩ ገዢ የሚያስታውሰው ጭነቱን ነው።

አባቶች ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ እንደሚሻል አስተምረዋል። ኮርቬት ከድስቱ በኋላ ደቆሰ፤ ሀብታም ስለ ነበረ ዳነ። ሙስታንግ አስቀድሞ መጠነ፤ በአንድ ቀንም የድካሙን ፍሬ አገኘ። ሀብቱ መጠነኛ የሆነ ነጋዴ የትኛውን መከተል እንደሚገባው ሚዛኑ በእጁ ነው።