ከጥለቱ በፊት፦ ሽመናን በዶርዜ ለሚጀምሩ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚያወጣው 37 ኪሎ ሜትር ጎዳና የጥጥ መንገድ ነው። ጥጡ በአባያ ሐይቅ ዙሪያ ባለው ሞቃት ቆላ ይበቅላል፤ ሸማኔዎቹ ግን ብርዱ በሚያንዘፈዝፈው ደጋ፣ በዶርዜና በጨንቻ ናቸው። ሽመና ልማር ብሎ የሚመጣ ሰው ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ባለቀለሙ ጥለት ላይ ነው። እኔ ደግሞ ጥለቱን ለጊዜው ተዉት እላለሁ።

ክሩ

በዚህ ደጋ ሕዝብ፣ በጋሞዎች ልማድ ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። ለተማሪ ግን ይህ ክፍፍል አይበጅም፤ ወንዱም እንዝርት ይያዝ። ጥጡ ፍሬው በመዳመጫ ይወጣለታል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶው አመልማሎ ሆኖ ይፈተላል። ዛሬ በቁመት የሚወጠረው ድር በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው፤ በአግድም የሚገባው ማግ ግን የእጅ ፈትል። ድር እንደተወጠረ ይረገጣል፣ ይመታል፤ ደካማ ክር አይችለውም። ማግ ይህ ሁሉ ስለማይደርስበት ልል ሆኖ ሊፈተል ይችላል፤ የጋቢ ልስላሴም ከዚያ ይመጣል።

ድር ማድራት

በተተከሉ ችካሎች መካከል ክር እየዘረጉ መመላለስ ነው። አሰልቺ ነው፤ ቢሆንም ክሮቹ ጫፍ ላይ ተራቸውን ጠብቀው ካልተመሳቀሉ፣ በኋላ የሚፈታቸው የለም።

ጉድጓዱ

ሸማኔው ከመሸመኛው ሥር ካለው ጉድጓድ አፍ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ይሰዳል። አንዱን መርገጫ ሲረግጥ የድሩ ግማሽ ይነሣል፣ ሌላውን ሲረግጥ ቀሪው ግማሽ። በተከፈተው መሐል መወርወሪያው ያልፋል፤ በሆዱ ማግ የተጠቀለለበት ቀሰም አለ። ከዚያ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው መምቻ ማጉን ወደ ጨርቁ ያስጠጋል። የጨርቁ ወርድ ሁለቱ እጆች መወርወሪያውን ከሚቀባበሉበት ርቀት ስለማያልፍ ጋቢ ወርዱን የሚያገኘው ጨርቆች ጎን ለጎን ተሰፍተው ነው፤ ከዚያም አራት እጥፍ ይሆናል።

ጠርዙ

የጀማሪ ጨርቅ ከሩቅ ይታወቃል፤ ከላይ ሰፊ፣ እየወረደ ጠባብ ነው። መወርወሪያው ባለፈ ቁጥር ማጉን ጠበቅ ማድረግ ያሰኛል፤ ጠርዙን ወደ ውስጥ የሚስበውም ይኸው ነው። መድኃኒቱ ማጉን ሰያፍ አድርጎ ልል መተው፣ ከዚያ መምታት ነው፤ መምቻው ሲያስተካክለው ትርፉ ክር በድሩ ላይና ታች ይገባል። የድር ክር ከተበጠሰ ደግሞ እዚያው ቁሙ፤ በሌላ ክር ቀጥሉት። በኋላ ይታያል ያላችሁት ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል።

ጥለት

ጥለት የሚገባው ድሩን በጣት እየቆጠሩ በማንሣት፣ ባለቀለም ክር በተጨማሪ በማስገባት ነው። ጠርዛችሁ ቀጥ ካላለ ጥለቱ ጠማማነቱን ያጎላል እንጂ አይሸፍንም።

ከማን ልማር?

ዶርዜ ሩቅ ከሆነባችሁ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የጋሞ ሸማኔዎች አሉ። ሸማኔ የሚያድረው በጨረሰው ጨርቅ ነው፤ እናንተን ለማስተማር መወርወሪያውን ላስቀመጠበት ሰዓት ሒሳቡን አስቀድማችሁ ተነጋገሩና ክፈሉት።