ደብተሩ ውስጥ ያልተጻፈው

ሱረቱል ከህፍን ገና ያልቀራችሁ መጀመሪያ ቅሩ፤ ይህ ጽሑፍ ይጠብቃችኋል።

ዛሬ ስለ አንድ ደብተር ላጫውታችሁ። ባለቤቱ ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን አልጠራም። ከእንጦጦ ግርጌ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ከእናቱ ጋር የሚኖር ተማሪ ነው። አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ አጠገቤ ቁጭ አለና ከቦርሳው አውጥቶ ሰጠኝ። በማስመሪያ የተሰመረ፣ በሁለት ቀለም የተጻፈ ንጹሕ ሥራ ነው። የተተከለበት ቀን፣ ውሃ የጠጣበት ቀን፣ ቁመቱ በሴንቲ ሜትር፣ መጨረሻ ላይ ደርቆ ሲመዘን በግራም። የቲማቲም መስሎኝ "ማሻአላህ" ልል ነበር። ሃሺሽ ነው። ጓሮ ውስጥ፣ በአራት የቀለም ባልዲ።

መልሱን አዘጋጅቶ ነው የመጣው። "ኡስታዝ፣ አልሸጥም፤ ለማንም አልሰጥም። ቅጠሉን የፈጠረው አላህ ነው። ቁርኣን የከለከለው ደግሞ ኸምርን ነው እንጂ ይሄን አይደለም።"

ይህን ክርክር ከእናንተም ብዙዎቻችሁ በኢንቦክስ ልካችሁልኛል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አእምሮን የሚያሰክር ሁሉ ኸምር መሆኑን፣ ኸምር ሁሉ ደግሞ ሐራም መሆኑን አስተምረዋል፤ ሐዲሡ ሙስሊም ዘንድ ይገኛል። ስለዚህ ፍርዱ የሚከተለው ስሙን ሳይሆን ሥራውን ነው። ሃሺሽ በሙስሊሙ ዓለም ሲስፋፋ ዑለማዎቹ ዝም አላሉም። የሻፊዒይ መዝሀቡ ኢማም ዘርከሺይ ስለ ክልክልነቱ ብቻ ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል። የማሊኪዩ ኢማም ቀራፊይ "አስካሪ ሳይሆን አእምሮን አበላሽ ነው" ብለው ተለይተዋል። ልብ በሉ፤ ልዩነቱ ከየትኛው ክፍል እንደሚመደብ፣ ነጃሳ መሆን አለመሆኑና ቅጣቱ ላይ ነው። የተፈቀደ ነው ለማለት አይደለም። ይህን ኺላፍ ከኢንተርኔት ቆርጦ "ዑለማዎች ተለያይተዋል" እያለ የሚለጥፍ ሰው አማናውን አልጠበቀም።

"የፈጠረው አላህ ነው" ላለው፣ ወይንንም የፈጠረው እሱው ነው። ተክሉ አልተከሰሰም፤ ከዚሁ ዘር ገመድ ይገመዳል። ሐኪም የሚያዘው መድኃኒትም ሌላ መስአላ ነው። ጥያቄው አንተ ለምን ተከልከው ነው።

አንዳንዱ ደግሞ ነገሩን ሁሉ ከውጭ ሙዚቃ ጋር የመጣ ያደርገዋል። እንደዛም አይደለም። ጣና ሐይቅ አካባቢ ባለ ላሊበላ በሚባል ዋሻ (ከተማው አይደለም) አርኪዮሎጂስቶች 600 ዓመት ያለፋቸው የሸክላ ጋያዎች አግኝተው የካናቢስ ቅሪት አይተውባቸዋል። በሽታውም አሮጌ ነው ማለት ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። "ማንንም አልጎዳም" ሲለኝ አንድ ነገር ጠየቅኩት። "ፈተና ላይ ስትሆን ውሃ ማን ያጠጣዋል?" አንገቱን ደፋ። እናቱ ናት። ጤና አዳም የመሰለ፣ ለሻይ የሚሆን ነገር ነው ብሏታል። በእነሱ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሌሊት ተነስታ በጀሪካን የቀዳችውን፣ ለዉዱእና ለወጥ ያስቀመጠችውን እየቀነሰች ታጠጣለታለች። ደብተሩ ውስጥ "ውሃ ጠጣ" የሚለው ሁሉ የእሷ ወገብ ነው። የኪራይ ውሉ በእሷ ስም ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ደግሞ አደንዛዥ ዕፅ ማምረትን ወንጀል አድርጎታል። ፖሊስ በሩን ሲያንኳኳ መጀመሪያ የምትከፍተው ማን ናት?

በኸምር ጉዳይ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የረገሙት አሥር ሰው መሆኑን ታውቃላችሁ። ጠጪው አንዱ ብቻ ነው፤ ጨማቂው አለ፣ ተሸካሚው አለ። ነገሩ አፍ ከመድረሱ በፊት በስንት እጅ እንደሚያልፍ እዩ። እናትየው አታውቅም፤ ኢንሻአላህ ወንጀል የለባትም። ያስገባት ግን እሱ ነው።

ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ ገልጬ "የዚህ ሐቁ የት አለ?" አልኩት። አልገባውም። ሱረቱል አንዓም 141ኛው አንቀጽ ላይ አዝመራ በሚሰበሰብበት ቀን ሐቁን እንድንሰጥ ታዘናል። በዝናብ የበቀለ ከአሥር አንድ፣ በድካም የጠጣ ከሃያ አንድ፤ ኒሳቡ አምስት ወስቅ፣ ወደ 650 ኪሎ ገደማ። የከሚሴ ገበሬ ማሽላውን የሚለካው ለጎተራው ብቻ አይደለም፤ ውስጡ የሚስኪን ድርሻ ስላለም ነው። የልጁ ግራም ኒሳብ አይደርስም፤ ቢደርስስ? አላህ ጥሩ ነው፣ ጥሩን እንጂ አይቀበልም። ያን ሁሉ ልኬት ለማን እንደለካው ራሱም መልስ አልነበረውም።

በመስጊዱ በር በኩል እንጨት የተሸከሙ እናቶች ከእንጦጦ እየወረዱ ነበር። ያ ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። የተከሉት ሰዎች የሉም፤ ከተማው ግን ዛሬም በእንጨቱ እንጀራ ይጋግራል። ሙስሊም ከተከለው ላይ ሰውም ወፍም ሲበላ ሶደቃ ይጻፍለታል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ለባልዲው ያሰብኩለት ይህን ነበር።

በማግስቱ ነቀለው። ለጓደኛም አልሰጠም። ደብተሩን እንዲቀድ አልነገርኩትም፤ እንዲህ የሚጽፍ እጅ ያስፈልገናል። አሁን የሚቆጥረው ሳያጨስ ያለፉትን ቀናት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፍ ነስቶታል፣ ያናድደው ነበር፣ ምግብም አስጠልቶታል። በ11ኛው ቀን ወድቆ ተናግሮኛል፤ ከ1 ጀመረ። እንዲህ የያዛችሁ ካላችሁ ለአንድ የምታምኑት ሰው ንገሩ፤ የካ ኮተቤ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ፣ መሄድ ነውር አይደለም። በተለይ ድምፅ መስማት ወይም ሰው ሁሉ የሚከታተላችሁ መምሰል ከጀመራችሁ ነገ አትበሉ።

ማክሰኞ ፎቶ ላከልኝ። በአራቱ ባልዲ ጎመን፤ አጠገቡ ቢጫው ጀሪካን። የምታጠጣው አሁንም እናቱ ናት፤ የተተከለው ምን እንደሆነ ግን ታውቃለች።