ሁሉን ጥሎ የሚሠራ ሕዋስ

በ11ኛና በ12ኛ ክፍል የባዮሎጂ ደብተሮች ውስጥ የማይቀር ሥዕል አለ። ድቡልቡል ሕዋስ፣ መሐሉ ላይ ኒውክለስ፣ ዙሪያውን ሚቶኮንድሪያ፣ ራይቦዞም፣ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም፣ የጎልጂ አካል፣ ሊሶዞም። ከእያንዳንዳቸው መስመር ተሰምሮ ዳር ላይ ስም ተጽፏል። ተማሪው ስሞቹን ይሸመድዳል፣ ፈተናው ላይ ያራግፋል፣ በማግስቱ ባዶ ነው። ብዙዎች ጥፋቱን የማስታወስ ችሎታቸው ላይ ይጥላሉ። እኔ ግን ጥፋቱ የሥዕሉ ነው ባይ ነኝ። ያ ሥዕል የማንም አይደለም። በሰው ገላ ውስጥ ከ200 በላይ የሕዋስ ዓይነቶች አሉ፤ አንዱም ያን አይመስልም። ሥዕሉ ሁሉንም እኩል አድርጎ ስለሚያሳይ፣ የትኛው ክፍል ለምን እንደሚያስፈልግ የሚናገረው ነገር የለም።

እኔ የምመክረው በጎደለው በኩል መግባትን ነው። አንድ ሕዋስ አንዱን ክፍሉን ቢያጣ ምን ማድረግ ይሳነዋል? መልሱን ያገኘ ተማሪ የክፍሉን ተግባር ሳይሸመድድ ያውቀዋል። ሙከራው ደግሞ ተሠርቶ አልቋል፤ በደም ሥራችን ውስጥ ይዘዋወራል። ቀይ የደም ሕዋስ ከሽፋኑ በስተቀር በሥዕሉ ላይ ከምናያቸው ነገሮች አንዱም የለውም።

ሲጀምር ግን እንዲህ አልነበረም። በአጥንት መቅኒ ውስጥ ያለው ቅድመ ሕዋስ ኒውክለስም፣ ሚቶኮንድሪያም፣ ራይቦዞምም አለው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ደጋግሞ ይከፈላል፣ ሄሞግሎቢን ያከማቻል፣ በመጨረሻም ኒውክለሱን ገፍቶ ያስወጣዋል። አጠገቡ ያለ ማክሮፌጅ የሚባል በላተኛ ሕዋስ የወጣውን ኒውክለስ ይውጠዋል። ገና ያልጠነከረው ሕዋስ ሬቲኩሎሳይት ይባላል፤ ወደ ደም ሲገባ የራይቦዞም ቅሪት ይዞ ነው፣ እሱንም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ያስወግዳል። የጤናማ ጎልማሳ መቅኒ እንዲህ ያሉ ሕዋሳትን በየሴኮንዱ ወደ 2 ሚሊዮን ያህል ያወጣል። የእያንዳንዱ ስፋት ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ላይ ከመቶ በላይ ተደርድረው ይቆማሉ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ውስጥ ወደ 270 ሚሊዮን የሄሞግሎቢን ሞለኪውሎች ታጭቀዋል፤ አንዱ ሞለኪውል አራት የኦክስጅን ሞለኪውሎች ይይዛል። ሕዋሱ ሌላውን ሁሉ የጣለው ለዚህ ጭነት ቦታ ሲያመቻች ነው።

ኒውክለሱን በመጣሉ ምን አጣ? ዲኤንኤውን አጣ። ስለዚህ መከፈል አይችልም፤ የተበላሸ ፕሮቲኑንም የሚተካበት መመሪያ የለውም። ከመቅኒ ይዞት በወጣው ዕቃ ብቻ ይኖራል፤ ሲያረጅም መጠገኛ የለውም። ዕድሜው 120 ቀን ገደማ የሆነው ለዚህ ነው። ከዚያ ጣፊያና ጉበት ውስጥ ያሉ ማክሮፌጆች ይበሉታል፤ ብረቱ ለአዲስ ሄሞግሎቢን ይመለሳል፣ የቀረው ደግሞ ቢሊሩቢን ወደሚባል ቢጫ ነገር ተለውጦ በሐሞት በኩል ይወጣል። ጉበት የታመመ ሰው ዓይኑ ቢጫ የሚሆነው ይኸው ቢሊሩቢን መውጫ ሲያጣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ልወርውር፤ ጎበዝ ተማሪዎችን ሳይቀር ያሰናክላል። የአባትነት ምርመራ ከደም ናሙና ይሠራል። ቀይ የደም ሕዋስ ዲኤንኤ ከሌለው፣ ምርመራው ዲኤንኤውን ከየት ያገኛል? ከነጭ የደም ሕዋሳት። ቁጥራቸው ከቀዮቹ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው፤ ኒውክለስ ስላላቸው ግን ይበቃሉ። የዶሮ ደም ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ራሱ አይነሳም ነበር፤ የወፎች፣ የእንቁራሪቶችና የዓሣዎች ቀይ የደም ሕዋስ ኒውክለሱን አይጥልም። ኒውክለስ አልባነት የአጥቢ እንስሳት ጠባይ ነው። ግመልም አጥቢ ናትና ቀይ የደም ሕዋሷ ኒውክለስ የለውም፤ ቅርጹ ግን እንደኛ ክብ ሳይሆን ሞላላ ነው።

ቀዩ ሕዋስ ቀጥሎ የሚያጣው ራይቦዞም ፕሮቲን የሚሠራበት ቦታ ነው። የሬቲኩሎሳይት የራይቦዞም ቅሪት በልዩ ቀለም ስለሚታይ ላቦራቶሪ ውስጥ ይቆጠራል። ደም ማነስ ያለበት ሰው የብረት መድኃኒት ሲጀምር፣ መቅኒው መልስ እየሰጠ መሆኑን ሐኪሙ የሚያውቀው በሳምንት አካባቢ ውስጥ የሬቲኩሎሳይቶች ቁጥር ሲጨምር አይቶ ነው። ሄሞግሎቢኑ ራሱ እስኪስተካከል ግን ሳምንታት ይፈጃል።

የራይቦዞምን፣ የኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለምንና የጎልጂን ትስስር ለመረዳት ግን የቀይ የደም ሕዋስ ተቃራኒ የሆነውን ማየት ይሻላል፤ የቆሽትን ሕዋስ። ቆሽት ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ወደ አንጀት ይልካል። ሥራው ፕሮቲን አምርቶ ወደ ውጭ መላክ ነውና ውስጡ በራይቦዞም በታጀበ ሬቲኩለም ተሞልቷል። በ1960ዎቹ ጆርጅ ፓላዴና ባልደረባው ጄምስ ጄሚሰን ኒው ዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም የጊኒ ፒግ ቆሽት ቆራርጠው ጨረር የሚያወጣ አሚኖ አሲድ ለ3 ደቂቃ ያህል አበሉት። ከዚያ የጨረሩን ምልክት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተከታተሉ። መጀመሪያ ምልክቱ በራይቦዞም በተሸፈነው ሬቲኩለም ላይ ታየ፤ ከደቂቃዎች በኋላ ወደ ጎልጂ ተሻገረ፤ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል ለመላክ በተዘጋጁ ከረጢቶች ውስጥ ተገኘ። በቆመ ሥዕል ላይ የተበታተኑ የሚመስሉት ክፍሎች በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ጣቢያዎች መሆናቸው የታወቀው እንዲህ ነው። ፓላዴ በ1974 ከአልበርት ክሎድና ከክርስቲያን ደ ዱቭ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ወደ ቀዩ ሕዋስ ስንመለስ፣ ወደ ውጭ የሚልከው ፕሮቲን የለውምና ጎልጂ ለምን ያስፈልገዋል?

ሚቶኮንድሪያ ላይ ስንደርስ ብዙ መጻሕፍት “የሕዋሱ የኃይል ምንጭ” ብለው ያልፋሉ። ስህተት አይደለም፤ ግን ቀይ የደም ሕዋስ ለምን እንደጣለው አያስረዳም። የጎደለው ቃል ኦክስጅን ነው። ሚቶኮንድሪያ ኦክስጅን ይፈጃል። ኦክስጅን የሚያመላልስ ሕዋስ ሚቶኮንድሪያ ቢኖረው ከጭነቱ እየቀነሰ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ያለ ኦክስጅን በሚሠራው ግላይኮሊሲስ በሚባለው መንገድ ብቻ ይኖራል፤ ከአንድ ግሉኮስ ኤቲፒ የሚባሉ ሁለት የኃይል ሞለኪውሎች ያተርፋል። ሚቶኮንድሪያ ያለው ሕዋስ ከዚያው ግሉኮስ 30 ገደማ ያገኛል። የልብ ጡንቻ ሕዋስ ግን ለቅጽበት ማረፍ አይችልምና ከይዘቱ ሲሶ ያህሉ ሚቶኮንድሪያ ነው።

ከዚህ ከግላይኮሊሲስ ድህነት ውስጥ ቀዩ ሕዋስ የሚጠቀምበት ነገር ደግሞ ይወጣል። ከግላይኮሊሲስ መንገድ ቅርንጫፍ ሆኖ የሚወጣ 2፣3 ቢፒጂ የሚባል ውህድ ሄሞግሎቢንን ላላ አድርጎ፣ ኦክስጅኑን ለሥጋ እንዲለቅ ያግዘዋል። ከቆላ ወደ ደጋ የወጣ ሰው ደም ውስጥ መጠኑ ይጨምራል። የሰው ልጅ ከፍታን የሚቋቋምበት መንገድ አንድ ብቻ ግን አይደለም። የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል። በ2002 የታተመ የሲንቲያ ቢልና የባልደረቦቿ ጥናት ግን በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የሄሞግሎቢን መጠናቸውም፣ ደማቸው የያዘው ኦክስጅንም ከባሕር ጠለል ነዋሪ እንደማይለይ አሳይቷል። ሄሞግሎቢን ለመጨመር ቀይ ሕዋስ ማብዛት ዋጋ ያስከፍላል፤ ደምን ያወፍራል፣ ልብን ያደክማል።

አሁን ያልጣለውን እንመልከት። ሽፋኑን አልጣለም፤ ጥሎም መኖር አይችልም። የሕዋስን ሽፋን አሠራር ያወቅነውም ከዚሁ ሕዋስ ነው። በ1925 ጎርተርና ግሬንደል የተባሉ ሁለት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የቀይ የደም ሕዋሳትን ቅባት በአሴቶን አውጥተው ውሃ ላይ በአንድ ሞለኪውል ውፍረት ዘረጉት። የተዘረጋው ስፋት ከሕዋሳቱ የውጭ ገጽ ስፋት እጥፍ ሆነ። ሽፋኑ ሁለት ድርብ ነው አሉ። ሌላ ሕዋስ ቢመርጡ ኖሮ የሚቶኮንድሪያና የሬቲኩለም ሽፋን ተደርቦ ስሌቱን ያበላሸው ነበር፤ ይሄኛው ግን የውጭ ሽፋን ብቻ ነው ያለው። ሥራቸው ውስጥ ሁለት ስህተቶች እንደነበሩ ኋላ ታውቋል፤ ቅባቱን አሟጠው አላወጡም፣ የሕዋሱንም ገጽ አሳንሰው ለክተዋል። ሁለቱ ስህተቶች ተጣፍተው ትክክለኛ መልስ ወጣ! በሳይንስ ታሪክ እንዲህ ያለ ዕድል አልፎ አልፎ ያጋጥማል። በዚህ ድርብ ቅባት ውስጥ ፕሮቲኖች እንደሚንሳፈፉ የሚያሳየውን ሞዴል ሲንገርና ኒኮልሰን ያቀረቡት በ1972 ነው።

ሽፋኑ ዝም ብሎ አጥር አይደለም። በላዩ ላይ ያሉ ፓምፖች በእያንዳንዱ ኤቲፒ ሦስት ሶዲየም አውጥተው ሁለት ፖታሲየም ያስገባሉ። ያ ትንሽ የግላይኮሊሲስ ገቢ ከሚውልባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። ፓምፑ ቢቆም ጨው ይገባል፣ ጨውን ተከትሎ ውሃ ይገባል፣ ሕዋሱ ያብጣል። ሆስፒታል ውስጥ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ንጹሕ ውሃ የማይሆነውም ለዚህ ነው፤ ንጹሕ ውሃ ቢሆን ቀይ ሕዋሳቱ ጠጥተው ይፈነዱ ነበር። የተለመደው የጨው ፈሳሽ በ1 ሊትር ውስጥ 9 ግራም ጨው አለው። ውሃ በሽፋኑ የሚያልፍበትን በርም ፒተር አግሬ ያገኘው በቀይ የደም ሕዋስ ላይ የአርኤች ፕሮቲንን ሲያጠና በአጋጣሚ ነው፤ በ2003 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል።

ቅርጹንም ልብ በሉ። ከሁለት ጎን መሐሉ ሰርጎድ ያለ ነው። ይዘቱ 90 ኪዩቢክ ማይክሮሜትር ገደማ ሲሆን ገጹ ወደ 140 ስኩዌር ማይክሮሜትር ይደርሳል። ያንኑ ይዘት በሉል ቅርጽ ብትሠሩት ገጹ 97 ብቻ ይሆናል፤ እስክሪብቶ ይዛችሁ አስሉት። ትርፉ ገጽ ኦክስጅን ቶሎ እንዲገባና እንዲወጣ ያደርጋል፤ ከዚያም በላይ ሕዋሱ ሳይቀደድ እንዲተጣጠፍ ያስችለዋል። ጣፊያ ውስጥ የሚሾልክበት ስንጥቅ ከራሱ ስፋት እጅግ ይጠባል። ከሽፋኑ ሥር ስፔክትሪን የሚባል ፕሮቲን እንደ መረብ ተዘርግቶ ቅርጹን ይመልስለታል። ይህ መረብ በውርስ የተበላሸባቸው ሰዎች ሕዋሳቸው ወደ ሉልነት ያደላል፤ ጣፊያ አላሳልፍ ብላ ታጠፋባቸዋለች፣ ደማቸውም ያንሳል።

ክሎሮፕላስት፣ የሴሉሎስ ግድግዳና ትልቁ ቫክዩል እዚህ አልገቡም። የዕፀዋት ሕዋስ የራሱ ጉዳይ ነው፤ በዚህ በኩል አይገባም።

ቀይ የደም ሕዋስ ይህን ሁሉ መጣሉ ግን ጠላት ያገኘው ቀዳዳ አለው። አብዛኞቹ ሕዋሳታችን በውስጣቸው የሚሠራውን ፕሮቲን ቁርጥራጭ በገጻቸው ላይ እያሳዩ ለመከላከያ ሕዋሳት ያስመረምራሉ። ቫይረስ የገባበት ሕዋስ በዚህ ይታወቅና ይገደላል። ፕሮቲን መሥራት ያቆመ ቀይ የደም ሕዋስ ግን ይህን ማድረግ አይችልም። የወባ ተውሳክ የሚደበቀው እዚያ ነው። ሄሞግሎቢኑን ይበላል፤ የራሱን ፕሮቲኖች ወደ ሕዋሱ ገጽ ለማውጣት ሲፈልግ ግን ሬቲኩለምም ጎልጂም የሌለበት ቤት ያጋጥመዋልና ማመላለሻውን ራሱ ይሠራል። በአገራችን ከሚገኙት ሁለት ዋና ዋና ዝርያዎች ፋልሲፓረም በማንኛውም ዕድሜ ያለ ሕዋስ ውስጥ ሲገባ፣ ቫይቫክስ ግን ሬቲኩሎሳይቶቹን ይመርጣል።

በጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ የወባ ምርመራ የሚሠራውም በዚሁ ጎዶሎ ምክንያት ነው። ደሙ የመስታወት ስላይድ ላይ በስሱ ይቀባና ጂምሳ በሚባል ቀለም ይነከራል፤ ቀለሙ ዲኤንኤን ወይን ጠጅ ያደርገዋል። ጤናማ ቀይ ሕዋስ ዲኤንኤ ስለሌለው ሐመር ሮዝ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ባለሙያው በሕዋሱ ውስጥ የቀለበት ቅርጽና በቀለበቱ ላይ ወይን ጠጅ ነጥብ ካየ፣ ያ ነጥብ የተውሳኩ ኒውክለስ ነው። በአንድ ሕዋስ ውስጥ ሁለትና ሦስት ቀጫጭን ቀለበት ካየ ፋልሲፓረምን ይጠረጥራል፤ ሕዋሱ ራሱ ከጎረቤቶቹ ገዝፎ ከታየው ደግሞ ቫይቫክስን።