ጠፍጣፋ እግርን በኦፕራሲዮን ማስተካከል፦ ለማን ነው የሚያስፈልገው?

ሰሞኑን ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ "ዶክተር፣ ውስጥ እግሬ ጎድጎድ አይልም፤ ስቆም ሙሉ በሙሉ መሬት ይነካል። ኦፕራሲዮን ልሁን ወይ?" የሚል ነው። አንዳንዶቻችሁ ፎቶም ትልካላችሁ። ዋናው ነገር ግን ፎቶው ላይ አይታይም፦ ያማችኋል ወይ?

ጠፍጣፋ እግር በራሱ በሽታ አይደለም። ሕፃን ሁሉ ሲወለድ እግሩ ጠፍጣፋ ነው። ጎድጓዳው ክፍል (ቅስቱ) በልጅነት ቀስ እያለ ነው የሚወጣው፤ ሳይወጣላቸው አድገው ዕድሜ ልካቸውን ያለ ችግር የሚሄዱ፣ የሚሮጡ ሰዎችም ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1947 በወጣ የካናዳ ጥናት ከ3,000 በላይ ወታደሮች እግራቸው ተመርምሮ ነበር። ተጣጣፊ የሆነው ጠፍጣፋ እግር ለውትድርና እንኳን እንቅፋት ሆኖ አልተገኘም። የሚያስቸግረው የተረከዝ ጅማታቸው ያጠረባቸውንና እግራቸው ግትር የሆነባቸውን ነበር።

እናቶች፣ ይቺን ለእናንተ፦ በሕንድ 2,300 ሕፃናት ተጠንተው እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ውጤት፣ ጠፍጣፋ እግር በባዶ እግራቸው ከሚሄዱት ይልቅ ጫማ በሚያደርጉት ላይ በዝቶ እንደተገኘ ያሳያል። ስለዚህ ለሦስት ዓመት ልጅ "እግር የሚያስተካክል" ተብሎ የሚሸጥ ውድ ጫማ መግዛት አያስፈልግም። ልጁ ካላመመው ቤት ውስጥ በባዶ እግሩ ይሩጥ።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። በባዶ እግራችሁ ቁሙና አንድ ሰው ከኋላችሁ ሆኖ ተረከዛችሁን ቪዲዮ ይቅረጽ። ከዚያ በእግር ጣቶቻችሁ ላይ ቀስ ብላችሁ ተነሡ። ስትነሡ ቅስቱ ብቅ ካለና ተረከዛችሁ ወደ ውስጥ ዘንበል ካለ እግራችሁ ተጣጣፊ ነው፤ የብዙ ሰው እንዲህ ነው። ምንም ካልተለወጠ፣ ወይም ግድግዳ ተደግፋችሁም በአንድ እግር ብቻ ተረከዛችሁን ማንሳት ካቃታችሁ፣ ለሐኪም መታየት አለበት።

በተለይ ችላ እንዳትሉ የምፈልጋቸው አሉ። አንደኛው በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ እግሩ ግትር ሆኖ ሲያመውና ቁርጭምጭሚቱ ቶሎ ቶሎ ወለም ሲለው ነው። ይህ አንዳንዴ ተለያይተው መኖር የነበረባቸው የእግር አጥንቶች በመያያዛቸው ይመጣል። ሌላው ደግሞ ከ40 ዓመት በኋላ አንድ እግር ብቻ አዲስ ጠፍጣፋ ሲሆን ነው። አንዲት መምህርት "የግራ ጫማዬ በውስጥ በኩል እየበላ አስቸገረኝ" ብላ መጣች፤ ጫማው ሳይሆን ቅስቱን የሚሸከመው ጅማት ነበር የደከመው። ይህ ጅማት በቁርጭምጭሚት ውስጠኛ ጎን በኩል ዞሮ ያልፋል፤ እዚያ ቦታ ላይ እብጠትና ህመም ካለ ቶሎ መታየት ይሻላል፤ ገና ሲጀምር ያለ ኦፕራሲዮን የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ እግራችሁ ድንገት ከሞቀ፣ ከቀላና ካበጠ፣ ባያማችሁም እንኳ እግራችሁን ሳትረግጡበት በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።

ህመም ያለባችሁም ብትሆኑ ቀጥታ ወደ ኦፕራሲዮን አይኬድም። ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ሌላው ሕክምና በደንብ ይሞከራል። በደንብ ስል፣ ሁለት ሳምንት ሠርቶ መተው አይቆጠርም። "ሁሉንም ሞክሬያለሁ" ብለው የሚመጡ ብዙዎች ባታቸውን አንድ ቀን እንኳ አሳስበው አያውቁም! ግድግዳ ተደገፉ፣ የሚያመውን እግር ወደ ኋላ አድርጉ፣ ጉልበት ሳይታጠፍ ተረከዝ ከመሬት ሳይነሳ 30 ሰከንድ ቆዩ፤ ሦስት ጊዜ ደጋግሙት፣ በየቀኑ። ጫማችሁ ተረከዙ ጋ ጠንካራ፣ ጣት ጋ ሰፊ ይሁን፤ ቀኑን ሙሉ በቀጭን ነጠላ ጫማ መዋሉ ይቅር። ጫማ ውስጥ የሚገባው ሶል ህመም ይቀንሳል እንጂ ቅስት አይሠራም፤ ካወለቃችሁት እግራችሁ ያው ነው። ክብደት መቀነስና ፊዚዮቴራፒም ይረዳሉ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ህመሙ ከሥራ ወይም ከእርምጃ ካገዳችሁ፣ ያኔ የአጥንት ስፔሻሊስት ጋር ስለ ኦፕራሲዮን መነጋገር ተገቢ ነው። ለመልክ ብቻ ከሆነ ግን እኔ አልመክርም።

ኦፕራሲዮኑ አንድ ዓይነት አይደለም። የተረከዝ አጥንት ተቆርጦ ቦታው ተስተካክሎ በብሎን ሊታሰር፣ የደከመውን ጅማት የሚተካ ሌላ ጅማት ሊዛወር፣ ያጠረው የተረከዝ ጅማት ሊረዝም ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ሁለት ሦስቱ አብረው ይሠራሉ። መገጣጠሚያው ከተበላ ደግሞ አጥንቶቹ እንዲጋጠሙ ተደርገው ይታሰራሉ። ይህኛው ህመም ቢያስቀርም እግር ወደ ጎንና ጎን መተጣጠፉን ያጣል፤ ኮብልስቶን ላይ ስትሄዱ ልዩነቱ ይታወቃችኋል። ስለዚህ "የትኛውን ነው የምትሠሩልኝ? ከእግሬ እንቅስቃሴ ምን ይቀነሳል?" ብላችሁ ጠይቁ። ኢንፌክሽን፣ የነርቭ ጉዳት፣ የደም መርጋት፣ አጥንት አልገጥም ማለትና የህመሙ አለመጥፋት ሊያጋጥሙ ይችላሉ። ሲጋራ አጥንት እንዳይገጥም ያደርጋል፤ ስኳርም ካለ አስቀድሞ መስተካከል አለበት።

ሰው የማያስብበት ማገገሚያው ነው። አጥንት ከተቆረጠ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያንን እግር መርገጥ አይቻልም፤ በጀሶና በክራንች ነው። የቀኝ እግር ከሆነ መኪና መንዳትም የለም። እብጠቱ ጨርሶ እስኪጠፋ አንዳንዴ ዓመት ይሞላል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆናችሁ፣ ሊፍት በሌለበት ማን ያወጣችኋል? ሽንት ቤታችሁ ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ በአንድ እግር አይሆንም፤ መቀመጫ ያለው ወንበር ቀድማችሁ አዘጋጁ። ቆማችሁ የምትሠሩ ከሆነም ከአለቃችሁ ጋር የምትነጋገሩት ስለ ሳምንታት ሳይሆን ስለ ወራት ፈቃድ ነው። ሁለቱም እግር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንዱ እስኪያገግም ይጠበቅና ነው ሁለተኛው የሚሠራው፤ ይህንንም ቁጠሩት።